ዓለም አቀፍ የቴክኒክ ድጋፍ ለግብርና፦ የገንዘብ ምንጩ፣ የዕቅድ አወጣጡና የተገልጋዩ ድርሻ

ዓለም አቀፍ የቴክኒክ ድጋፍ ማለት ከውጭ መንግሥታት፣ ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ወይም ከልማት ባንኮች በሚገኝ ገንዘብ የሚሰጥ የባለሙያ ምክር፣ ሥልጠና፣ ጥናትና ይህንኑ ለማስተላለፍ የሚያስፈልግ ውስን መሣሪያ ነው። ከዕለት ደራሽ እርዳታ ይለያል፤ እህል አያከፋፍልም። ከካፒታል ፕሮጀክትም ይለያል፤ የመስኖ ግድብ አይገነባም፣ ማዳበሪያ በገፍ አያቀርብም። የሚያቀርበው የተገነባውን ግድብ የውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር እንዴት እንደሚያስተዳድረው፣ ማዳበሪያው ለየትኛው አፈር በምን መጠን እንደሚስማማ የማወቅና የመሥራት አቅምን ነው።

ይህ ልዩነት ካልታወቀ ጥያቄ ወደማይመለከተው በር ይሄዳል። ኖራ ወይም ምርጥ ዘር የቸገረው የኅብረት ሥራ ማኅበር የቴክኒክ ድጋፍ ፕሮጀክትን ቢጠይቅ የሚያገኘው ሥልጠና ነው፤ ሥልጠና የሚያስፈልገው ደግሞ ግብዓት በሚታደልበት ቦታ ቢሰለፍ ወረፋው ሲደርሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ከዚህ በታች የቀረበው መረጃ ድጋፉ ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚታቀድ፣ በምን መንገድ ወደ ወረዳና ቀበሌ እንደሚደርስ፣ ተገልጋዩም በየትኛው ደረጃ ሐሳቡን ማስገባት እንደሚችል ያብራራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያለፈው ልምድ

ኢትዮጵያ በ1945 የተመሠረተው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) አባል የሆነችው በ1948 ነው። በሁለትዮሽ በኩል ደግሞ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የቴክኒክ ትብብር ስምምነት የተፈረመው በ1951 ሲሆን፣ ፕሮግራሙ «ፖይንት ፎር» በሚለው ስያሜው በሰፊው ይታወቅ ነበር። የእርሻ ትምህርቱ ሥራ ለኦክላሆማ የእርሻና የሜካኒክስ ኮሌጅ ተሰጥቶ፣ በ1952 የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ቀጥሎም ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ተቋቋመ። የኦክላሆማ ውል በ1968 ሲያበቃ መምህራኑ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ኮሌጁ ግን በኢትዮጵያውያን እጅ ቀጠለ። በዚያው ዘመን የኮሌጁ አካል ሆኖ የተጀመረው የደብረ ዘይት የምርምር ጣቢያም እስከ ዛሬ የጤፍ ምርምር ማዕከል ነው። በ2006 ወጥቶ በአርሶ አደሩ ዘንድ ፈጥኖ የተስፋፋው «ቁንጮ» የተባለው የጤፍ ዝርያ የተገኘው ከዚሁ ጣቢያ ነው። የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩትም እንዲሁ በ1966 በፋኦና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እገዛ ተቋቁሞ አገራዊ ተቋም ሆኖ ጸንቷል።

ከእነዚህ ይልቅ ለዕቅድ አውጪ ብዙ የሚያስተምረው የጭላሎው ልምድ ነው። በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት በአርሲ የተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ «ካዱ»፣ የተሻሻለ የስንዴ ዘርን፣ ማዳበሪያን፣ ብድርንና የገበያ አገልግሎትን በአንድ ላይ አቀናጅቶ በአንድ አውራጃ ሠራ። ምርት በርግጥ ጨመረ። ነገር ግን መሬቱ በጭሰኝነት ሥርዓት የተያዘ ስለነበር፣ እርሻ አትራፊ መሆኑን የተገነዘቡ ባለመሬቶች በትራክተር ማረስ ሲጀምሩ በርካታ ጭሰኞች ከይዞታቸው ተነሡ። በሙያ ረገድ የተሳካ ምክር፣ የመሬት ይዞታው አስቀድሞ ባለመታየቱ፣ ሊጠቅማቸው የታሰበውን ሰዎች ጎዳ። ሁለተኛው ችግር የወጪ ነበር። ለአንድ አውራጃ የዋለውን ያህል ገንዘብና ባለሙያ ለአገሪቱ አውራጃዎች ሁሉ ማዳረስ እንደማይቻል ስለታወቀ፣ በ1971 «ሚኒመም ፓኬጅ» የተባለው አነስተኛ ጥቅል ፕሮግራም ተጀመረ፤ ከካዱ ሥራዎች መካከል በጥቂት ወጪ ብዙ ቦታ ሊደርሱ የሚችሉትን ማዳበሪያን፣ ዘርንና ብድርን ብቻ መርጦ ይዞ ነበር። የቁሉምሳ ጣቢያ ግን ከካዱ ተወርሶ ዛሬም የአገሪቱ ዋና የስንዴ ምርምር ማዕከል ነው።

የደስታ በሽታ መጥፋት ከዚህ የተለየ ታሪክ አለው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአገሪቱን ከብት ፈጅቶ «ክፉ ቀን» የተባለውን ረኃብ ያስከተለው ይኸው በሽታ ነበር። ለአሥርተ ዓመታት የተካሄደው የክትባት ዘመቻ በመንገድ ዳር ባሉ አካባቢዎች ውጤት ቢያመጣም፣ በአፋር በረሃ ግን በሽታው አልጠፋም፤ ክትባቱ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ ማቀዝቀዣ የጫነ መኪናም እዚያ አይደርስም ነበር። መፍትሔው የመጣው በ1990ዎቹ አጋማሽ ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ሲገኝና ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው መንጋው ካለበት ሄደው እንዲከትቡ ሲደረግ ነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝ በ1995 ታየ፤ በ2011 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። የውጭው እገዛ ሳይንሱን አመጣ፤ ሥራውን የጨረሰው ግን ፕሮጀክቱ ሲዘጋ አካባቢውን ለቅቆ የማይሄደው ሰው ነበር።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል

በዚህ ዘርፍ ገንዘቡ በአብዛኛው ከሦስት ምንጮች የሚገኝ ሲሆን፣ ምንጩ የሚወስነው የገንዘቡን መጠን ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚጠየቅበትም ጭምር ነው።

የመጀመሪያው የዓለም አቀፍ ድርጅቶች መደበኛ በጀት ነው። የፋኦ የቴክኒክ ትብብር ፕሮግራም ከ1976 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ ገንዘቡ የሚገኘው አባል አገሮች በየዓመቱ ከሚከፍሉት መዋጮ ነው። ኢትዮጵያም መዋጮ ከፋይ በመሆኗ፣ ከዚህ ፕሮግራም የምትጠይቀው እንደ አባል ባላት መብት ነው። ይሁንና መጠኑ ውስን ነው፤ አንድ ፕሮጀክት ከ500,000 የአሜሪካ ዶላር አይበልጥም፣ የሥራ ዘመኑም ቢራዘም ከሦስት ዓመት አያልፍም። ጥያቄው በመንግሥት መቅረብ አለበት። የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ከዚህ ገንዘብ አይከፈልም፤ አቻ ባለሙያ፣ ቢሮና የመሳሰለው ከአገር በጀት የሚሸፈን ድርሻ ነው። ይህ ድርሻ «በዓይነት» ተብሎ በወረቀት ላይ ቀለል ብሎ ቢሰፍርም፣ በወረዳ ደረጃ ሲታይ የአንድ ባለሙያ ሙሉ ጊዜና የአንድ መኪና ነዳጅ ነው። በወረዳው በጀት ካልተያዘ ሥራው የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የመንግሥታት ለመንግሥታት ስጦታ ነው፤ የጃፓኑ ጃይካ፣ የጀርመኑ ጂ.አይ.ዜድ እና የእስራኤሉ ማሻቭ በኢትዮጵያ ግብርና የሚታወቁት በዚህ መንገድ ነው። ሦስተኛው ብድር ነው። በ2011 የተጀመረውን የግብርና ዕድገት ፕሮግራም የመሰሉ ትልልቅ ፕሮግራሞች የዓለም ባንክን ብድርና የሌሎች አጋሮችን ስጦታ አጣምረው የያዙ ሲሆኑ፣ በውስጣቸው ለሥልጠናና ለምክር የተመደበ ክፍል ይኖራቸዋል። በዚያው ዓመት በኔዘርላንድስ መንግሥት ድጋፍ የተጀመረው ካስኬፕ የተባለ ፕሮጀክት ከአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ ለዚሁ ፕሮግራም የተሞከሩ አሠራሮችን እንዲያቀርብ ታስቦ ነበር። ብድር ሲሆን የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ፦ አማካሪው የተከፈለው ገንዘብ ተመላሽ ነው። ሥልጠናው ቢጠቅምም ባይጠቅምም ዕዳውን የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ነው። የብድር ስምምነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቆ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ እንደ አዋጅ የሚወጣውም ስለዚህ ነው፤ ማንኛውም ዜጋ የብድሩን መጠንና ዓላማ ከዚያ ማንበብ ይችላል።

በአንድ ምንጭ ላይ ብቻ መደገፍ የሚያስከትለው አደጋ በ2025 በግልጽ ታይቷል። በፖይንት ፎር ዘመን የተጀመረውን የአሜሪካ ድጋፍ ወርሶ ለረጅም ጊዜ ያስተዳደረው የአሜሪካ መንግሥት የልማት ድርጅት በዚያ ዓመት እንቅስቃሴውን ሲያቆም፣ በየአገሩ በእሱ ገንዘብ ይሠሩ የነበሩ የግብርና ፕሮጀክቶች ከዕቅዳቸው ቀድመው ተዘግተዋል።

ገንዘቡ በየትኛው መንገድ ይደርሳል

በኢትዮጵያ የፋይናንስ አሠራር የውጭ ሀብት የሚፈስባቸው መንገዶች «ቻናል» እየተባሉ ይጠራሉ። በቻናል አንድ ገንዘቡ በገንዘብ ሚኒስቴር በኩል ወደ ክልል ፋይናንስ ቢሮና ወደ ወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ይወርዳል፤ ወጪው በመንግሥት የሒሳብ ሥርዓት ይመዘገባል፣ በመንግሥት ኦዲተርም ይመረመራል። በቻናል ሁለት ለጋሹ ገንዘቡን በቀጥታ ለሴክተር መሥሪያ ቤቱ፣ በግብርና ረገድ ለግብርና ሚኒስቴር ወይም ለክልል ቢሮ፣ ይሰጣል። በቻናል ሦስት ለጋሹ ራሱ፣ በአማካሪ ድርጅት ወይም በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት አማካይነት ያወጣዋል። አብዛኛው የቴክኒክ ድጋፍ የሚመጣው በዚህ በሦስተኛው መንገድ በመሆኑ፣ የወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ስለ ፕሮጀክቱ ቢጠየቅ መልስ ላይኖረው ይችላል። ተገልጋዩ በዚህ መደነቅ የለበትም፤ የሚጠየቀው አካል ሌላ ነው ማለት ነው።

የውጭ እርዳታና ብድር ስምምነት የመደራደርና የመፈረም ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ለገንዘብ ሚኒስቴር የተሰጠ ነው። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች በኩል የሚመጣው ድጋፍ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሚመራ ሲሆን፣ አዋጁ የድርጅቱ አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የልማት አጋሮችና መንግሥት በዘርፉ የሚሠሩትን የሚያቀናጁበት የገጠር ኢኮኖሚ ልማትና የምግብ ዋስትና የሥራ ቡድን በ2008 የተቋቋመውም፣ አንድ ወረዳ ላይ ሦስት ፕሮጀክት ተደራርቦ ጎረቤቱ ወረዳ ባዶውን እንዳይቀር ታስቦ ነው።

ሦስት የዘመን አቆጣጠሮች

የቴክኒክ ድጋፍ ዕቅድ ከሚበላሽባቸው ምክንያቶች አንዱ እንደ ቀላል የሚታየው የጊዜ አቆጣጠር ነው። የብዙ ለጋሾች የበጀት ዓመት ከጥር እስከ ታኅሣሥ እንደ አውሮፓውያኑ ሲሆን፣ የፋኦ በጀት የሚጸድቀው ለሁለት ሁለት ዓመት ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። አርሶ አደሩ ደግሞ ሁለቱንም አይጠብቅም፤ የበልግ ዝናብ ከየካቲት ይጀምራል፣ የመኸር ማሳ በግንቦት ታርሶ በሰኔና በሐምሌ ይዘራል፣ አዝመራው በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበሰባል።

ሦስቱ ካልተገናዘቡ የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም። በአውሮፓውያን ጥር የተፈረመ ፕሮጀክት የባለሙያ ቅጥሩንና የግዥ ጨረታውን እስኪጨርስ ስድስት ወር ቢወስድበት፣ ባለሙያው የሚደርሰው ዘር ከተዘራ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ያለ ማሳ ሙከራ ያልፋል። የመንግሥት ድርሻም ስምምነቱ ከመፈረሙ በፊት በወረዳው የበጀት ጥያቄ ካልተካተተ እስከሚቀጥለው ሐምሌ ገንዘብ አይኖረውም። የሁለት ዓመት ፕሮጀክት በተግባር የአንድ መኸር ፕሮጀክት የሚሆነው በዚህ ሁኔታ ነው፤ በአንድ መኸር ደግሞ፣ ዝናቡ ቢያጥር፣ የሚታወቅ ነገር ጥቂት ነው። ስለዚህ በዕቅድ ሰነዱ የጊዜ ሰሌዳ ላይ የወራቱ ስም ብቻ ሳይሆን በየወሩ ማሳው ላይ የሚካሄደው ሥራ መስፈር ይኖርበታል።

ዕቅዱ እንዴት ይዘጋጃል

አሠራሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። በደጋማው የአገሪቱ ክፍል፣ እንደ እንጅባራና ጨንቻ ባሉ አካባቢዎች፣ የአፈር አሲዳማነት ምርትን የሚቀንስ ዐቢይ ችግር ነው፤ በአገር ደረጃ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ በዚህ የተጠቃ እንደሆነ ይገመታል። የሚታከመው በተፈጨ ኖራ ነው። እንግዲህ አንድ ደጋማ ወረዳ 1,000 ሄክታር አሲዳማ መሬት ለማከም የቴክኒክ ድጋፍ ሊጠይቅ አስቧል እንበል።

በመጀመሪያ የሚሠራው ስሌት ነው። ለአንድ ሄክታር ሦስት ቶን ኖራ ቢያስፈልግ ለ1,000 ሄክታር 30,000 ኩንታል ይሆናል፤ 400 ኩንታል የሚጭን መኪና 75 ጊዜ መመላለስ አለበት። ይህ ሲታይ ችግሩ ሁለት መሆኑ ይገለጣል። አንደኛው የማጓጓዣ ችግር ነው፤ ይህን የውጭ አማካሪ አይፈታውም፣ በካፒታል በጀት ወይም በዩኒየን በኩል በብድር የሚታይ ነው። ሁለተኛው የዕውቀት ችግር ነው፦ የትኛው ማሳ በርግጥ አሲዳማ ነው? ኖራው ሙሉ ማሳው ላይ ከመበተን ይልቅ በመስመር በአነስተኛ መጠን ቢጨመር ምን ያህል ምርት ይሰጣል? አሲድ የሚቋቋሙ ሰብሎች ቢዘሩስ ኖራው ምን ያህል ይቀንሳል? የቴክኒክ ድጋፍ ጥያቄ የሚቀርበው ለዚህ ለሁለተኛው ብቻ ነው። ሁለቱን አደባልቆ የቀረበ ጥያቄ በለጋሹ ዘንድ «ከፕሮግራሙ ዓላማ ውጪ» ተብሎ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ቀጥሎ የባለሙያው ቢጋር ይዘጋጃል። ጥሩ ቢጋር ባለሙያው የሚጽፈውን ሪፖርት ብቻ ሳይሆን የሚያሠለጥናቸውን ሰዎች በሥራ መደባቸው ይጠቅሳል። የውጭ ባለሙያ የአገልግሎት ክፍያ፣ የአውሮፕላን ጉዞና የውሎ አበል ከአነስተኛ ፕሮጀክት በጀት ትልቁን ድርሻ ሊወስድ ስለሚችል፣ ሙያው በአገር ውስጥ መኖሩ አስቀድሞ መጣራት አለበት። ለአፈር አሲዳማነት በሆለታና በጅማ የምርምር ማዕከላት የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች አሉ፤ ከውጭ የሚፈለገው ምናልባት የላቦራቶሪ ጥራት ቁጥጥርን የሚያሠለጥን ሰው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ግን ፕሮጀክቱ ከተዘጋ በኋላ የሚመጣው ወጪ ነው። ፕሮጀክቱ ለወረዳው የአፈር መመርመሪያ መሣሪያ ገዝቶ ሰጠ እንበል። መሣሪያው በየጊዜው ኬሚካልና የማስተካከያ ፈሳሽ ይፈልጋል፤ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ የተቃጠለ መለዋወጫው ከውጭ በዶላር ይመጣል፤ የሠለጠነው የላቦራቶሪ ሠራተኛ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ቢዛወር ተተኪ ያሻዋል። ይህ ሁሉ በዓመት ስንት ብር እንደሚሆን፣ ከየትኛው የወረዳ ወይም የክልል የበጀት ርዕስ እንደሚከፈል፣ ወይም አርሶ አደሩ ለናሙና ምርመራ አነስተኛ ክፍያ ይከፍል እንደሆነ ከፊርማው በፊት በጽሑፍ መወሰን አለበት። ይህ መልስ የሌለው መሣሪያ ኬሚካሉ ባለቀ ማግስት አቧራ መልበስ ይጀምራል። ገዢው የሆነው ፕሮጀክት ደግሞ ያን ጊዜ ተዘግቷል፤ የሚጠየቅ የለም።

የተገልጋዩ ድርሻ

በመንግሥት በኩል የሚመጣ የቴክኒክ ድጋፍን አርሶ አደር ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር በቀጥታ ከለጋሹ አይጠይቅም። ጥያቄው የሚጀምረው በቀበሌው የልማት ሠራተኛ ዘንድ ነው፤ ከዚያ ወደ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ክልል ግብርና ቢሮ፣ በመጨረሻም ወደ ግብርና ሚኒስቴርና ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ይሄዳል። በዚህ ረጅም መንገድ ላይ ጥያቄው ቅርጹን እየለወጠ ስለሚሄድ፣ በመነሻው ላይ በቁጥር የተደገፈ መሆኑ ይጠቅማል። «የአፈር ችግር አለብን» ከሚል ደብዳቤ ይልቅ፣ ስንት አባወራና እማወራ፣ ስንት ሄክታር፣ የትኛው ሰብል፣ ከስንት ዓመት ወዲህ ምን ያህል እንደቀነሰ የሚገልጽ ቃለ ጉባኤ ክብደት አለው። ማኅበሩ ራሱ ምን እንደሚያዋጣ፣ ለምሳሌ የሙከራ ማሳ፣ ጉልበት ወይም መጋዘን፣ በዚያው ቢሰፍር በዕቅዱ ውስጥ እንደ አገር ውስጥ ድርሻ ሊያዝ ይችላል። ሴት አርሶ አደሮች በስብሰባው መገኘታቸውና ሥልጠናው ለእነሱ በሚመች ሰዓትና ቦታ እንዲሆን መጠየቃቸውም እዚሁ ላይ መመዝገብ ያለበት ጉዳይ ነው፤ ሰነዱ ከተፈረመ በኋላ የሥልጠና ቦታ ማስለወጥ አስቸጋሪ ነው።

በቀበሌው አንድ ፕሮጀክት መሥራት ሲጀምር ነዋሪው ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ ገንዘቡ ስጦታ ነው ወይስ ብድር፣ በየትኛው ቻናል ነው የመጣው፣ መቼ ያበቃል፣ ሲያበቃ መሣሪያውንና ሥራውን የሚረከበው ማን ነው። የመንግሥት አካላት የያዙትን መረጃ የማግኘት መብት በአዋጅ ቁጥር 590/2000 የተደነገገ ስለሆነ፣ ጥያቄው ለወረዳው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ሊቀርብ ይችላል። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት የሚሠራ ከሆነ የድርጅቱን መመዝገብ ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ማጣራት ይቻላል። በዓለም ባንክ ገንዘብ የሚካሄዱ ፕሮጀክቶች የቅሬታ ማስተናገጃ ሥርዓት እንዲያዘጋጁ ግዴታ አለባቸው፤ ቅሬታ አቅራቢው በመጀመሪያ ወደዚያ፣ በአስተዳደር በደል ረገድ መልስ ካላገኘ ደግሞ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም መሄድ ይችላል።

ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የሚደረገው ርክክብ በቀበሌው ነዋሪዎች ፊት ቢሆን ይመረጣል። በርክክቡ ሰነድ ላይ የእያንዳንዱ መሣሪያ ዓይነትና ብዛት፣ የተረከበው መሥሪያ ቤት ስም፣ የሠለጠኑት ሰዎች ዝርዝርና ለሚቀጥለው የበጀት ዓመት የተያዘው የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ይመዘገባል። የሰነዱ አንድ ቅጂ በወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት፣ ሌላው በገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከሉ ይቀመጣል።